ሥዕል በልኩ፣ ድምፅ በመጠኑ

*ፊልምን በሲኒማ ቤት እንደ ሥርዓቱ ስለማሳየት*

የመጀመሪያው ተመልካች ቲኬት ከመቁረጡ አስቀድሞ፣ በአዲስ አበባ ከሚገኙት ነባር ሲኒማ ቤቶች በአንዱ፣ መብራት ሁሉ በጠፋበት፣ ወንበሮቹም እንደ ተጣጠፉ በየረድፋቸው በቆሙበት ባዶ አዳራሽ፣ በትልቁ ነጭ መጋረጃ ላይ አንድ ክብ ተስሎ ይታያል። በክቡ መካከል መስቀለኛ መስመር፣ በአራቱ ጠርዝ ወደ ውጭ የሚያመለክቱ ቀስቶች፣ በየማዕዘኑም እጅግ ተቀራርበው የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ይህ ሥዕል ፊልም የሚያሳየው ሰው መሣሪያውን የሚመረምርበት መፈተኛ ነው። ክቡ ወደ ላይ ረዝሞ ወይም ወደ ጎን ሰፍቶ የታየ እንደ ሆነ፣ ማታ በመጋረጃው ላይ የሚወጣው ሰው ሁሉ ፊቱ ይረዝማል ወይም ይሰፋል፤ የቀስቶቹ ጫፍ በመጋረጃው ዳር ካለው ጥቁር ከፈፍ ሳይደርስ የቀረ ወይም ከፈፉን አልፎ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ሥዕሉ ቦታውን አልሞላም ወይም ተቆርጧል ማለት ነው፤ በማዕዘን ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ተደባልቀው ግራጫ የመሰሉ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሌንሱ መካከሉን እንጂ ዳሩን አላጠራም።

ጸጉሩ የሸበተው ኦፕሬተር ከማሽኑ ክፍል ወርዶ በአዳራሹ መካከል ቆሟል፤ ረዳቱ የሆነው ወጣት ከላይ፣ ከትንሿ መስኮት ኋላ ሆኖ ትእዛዙን ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ግራ። ቀስ በል! በቃ፣ እዚያ ላይ ተወው። አሁን ወርደህ በዐይንህ እየው፤ ከዚያ ሆነህ የምታየውና እዚህ ሆነህ የምታየው አንድ አይደለም።»

ወጣቱ ሲወርድ ሽማግሌው በመካከለኛው፣ በምቹው ወንበር አላስቀመጠውም፤ ወደ ፊተኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ ወዳለው ወንበር ወሰደው እንጂ። «እዚህ የሚቀመጠውም ሰው የከፈለው ያንኑ ገንዘብ ነው» አለው።

ይህ ሲያዩት ጥቂት የሚመስል ሥራ የፊልም ጥበብ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ደራሲው ጽፎ፣ ተዋናዩ ተጫውቶ፣ ካሜራ የያዘው ባለሙያ ብርሃንና ጥላ አመዛዝኖ፣ አርታዒው ቆርጦ ቀጥሎ፣ የድምፅ ባለሙያውም ሹክሹክታውንና ነጎድጓዱን በየመጠኑ ከደለደለ በኋላ፣ ይህ ሁሉ ድካም የሚገለጠው ወይም የሚጠፋው በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ሰው እጅ ነው። በቀድሞ ዘመን የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ቃል የዘለለ እንደ ሆነ አንባቢው ነቀፌታውን በደራሲው ላይ ይጥል እንደ ነበረ ሁሉ፣ ፊልም የሚያሳየውም ሰው ሥዕሉን የቆረጠ ወይም ድምፁን ያፈነ እንደ ሆነ፣ ሕጸጹ የሚጻፈው በፊልሙ ሠሪ ስም ነው። ስለዚህ ፊልም ማሳየት አደራ ነው ብለን እንነሣለን፤ አደራው በምን እንደሚጠበቅና በምን እንደሚጎድልም ከዚህ በታች እንገልጣለን።

## የሥዕሉ ምጣኔ ከየት መጣ

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሕዝቡ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ አዳራሽ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ብዙ ሰው ሲነገር ሰምቷል። የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ በግራን ካፌ ምድር ቤት ለከፋይ ተመልካች ፊልማቸውን ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነውና፣ አዲሱ ጥበብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሳይዘገይ ደርሶናል ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ የተወሰነው የፊልም ስፋት 35 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በእያንዳንዱም ፍሬም ጎን አራት አራት ቀዳዳ ስለ ተበሳ፣ የሥዕሉ ወርድ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር 4 ለ 3፣ ማለትም 1.33 ለ 1 ሆነ። በኋላ ድምፅ በፊልሙ ዳር እየታተመ ሲመጣ ከሥዕሉ ቦታ ጥቂት ወሰደበትና፣ የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1932 ምጣኔውን 1.37 ለ 1 አድርጎ ደነገገው። ሃያ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የዓለም ፊልም ከሞላ ጎደል በዚህ ልክ ተሠራ።

ይህን ጸጥታ የበጠበጠው ቴሌቪዥን ነው። ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሥዕል ማየት በጀመረ ጊዜ የሲኒማ ባለሀብቶች በቤት የማይገኝ ነገር ለማሳየት ተሽቀዳደሙ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሲኔራማ የተባለው አሠራር በሦስት ማሽን፣ በተቆለመመ ሰፊ መጋረጃ ላይ በኒው ዮርክ ታየ፤ በዓመቱም የክርስቶስን ቀሚስ ታሪክ የሚተርከው «ዘ ሮብ» የመጀመሪያው የሲኒማስኮፕ ፊልም ሆኖ ወጣ። የሲኒማስኮፕ ምስጢር በሌንሱ ነበር፤ ካሜራው ሰፊውን ሥዕል ወርዱን በግማሽ ጨምቆ በተለመደው ፊልም ላይ ይቀርጻል፣ የማሳያው ሌንስም የተጨመቀውን መልሶ ይዘረጋል። ከዚያ ወዲህ ምጣኔዎች በዙ፤ ስኮፕ የሚባለው ውሎ አድሮ በ2.39 ለ 1 ሲጸና፣ አሜሪካውያን ለተራው ፊልም 1.85ን፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ 1.66ን መረጡ።

ስለዚህ አንድ አዳራሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት ምጣኔ ያላቸውን ፊልሞች ሊያስተናግድ ይችላል፤ እያንዳንዱም በራሱ ልክ መታየት ይገባዋል። ምጣኔ የተርታ ጌጥ አይደለምና። ዳይሬክተሩ ሰውን በቦታ ውስጥ የሚያኖርበት፣ መራራቅንና መቀራረብን፣ ፍርሃትንና ፍቅርን ያለ ቃል የሚናገርበት ልሳኑ ነው። የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ሲያዩ ያደጉ አንባቢዎች በሰርጂዮ ሌዎኔ «ጥሩው፣ መጥፎውና አስቀያሚው» መጨረሻ ላይ ሦስቱ ሰዎች በመቃብሩ ስፍራ ተፋጠው የሚቆሙበትን ትርኢት ያስታውሳሉ። ፊልሙ የተሠራው ለሰፊው ለ2.35 ምጣኔ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ መሬት ራሱ እንደ አራተኛ ተዋናይ ሆኖ ይጨንቃል። ግራና ቀኙ የተቆረጠ እንደ ሆነ ያ ባዶነት ይጠፋል፣ ከሰዎቹም አንዱ ከሥዕሉ ውጭ ይቀራል፣ ጭንቀቱም ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

> ዳሩን የቆረጠ ሰው ዳር ብቻ የቆረጠ ይመስለዋል፤ የቆረጠው ግን ትርጉም ነው።

## የተንጠለጠለው ማይክሮፎን

በፊልም ጥቅል ዘመን ሲኒማ ቤት የተመላለሱ ሰዎች አንድ የጋራ ትዝታ አላቸው። ከባድ የሐዘን ትርኢት በሚታይበት ሰዓት፣ ከተዋናዩ ራስ በላይ ጥቁር ማይክሮፎን ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል፤ ሰውም «ምን ዓይነት ዳይሬክተር ቢሆን ነው ይህን ያላየ!» ይላል። ዳይሬክተሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ በደል ንጹሕ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1.85 ይታያሉ ተብለው ከታሰቡት ፊልሞች ብዙዎቹ የተቀረጹት ሙሉውን የቆየ ፍሬም ይዘው ነው፤ ከላይና ከታች የሚታየው ትርፍ ቦታ በማሳያው ጊዜ እንዲሸፈን ታስቦ ይተዋል። ሸፋኙም በፊልሙ መተላለፊያ ላይ የሚገባ፣ መካከሉ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነው። ለፊልሙ የሚገባው ሰሌዳ ቀርቶ የሌላ ምጣኔ ሰሌዳ የገባ እንደ ሆነ፣ ወይም ኦፕሬተሩ ሥዕሉን በሰሌዳው ቀዳዳ ውስጥ ከልኩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዛወረው እንደ ሆነ፣ ሊሸሸግ የሚገባው ሁሉ ይገለጣል፤ ማይክሮፎኑ ይታያል፣ የስቱዲዮው ግድግዳ ማብቂያ ይታያል፣ ወይም በተቃራኒው የተዋናዩ ግንባር ይቆረጣል።

ሽማግሌው ኦፕሬተር እነዚህን ሰሌዳዎች ዛሬም በመሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖራቸዋል። አንዱን አውጥቶ በብርሃን ፊት ሲይዘው፣ ቀዳዳው ፍጹም አራት ማዕዘን አለመሆኑ ይታያል፤ አንዱ ጎኑ በጥቂቱ ይጠባል፣ በዳሩም የሞረድ ጥርስ ያረፈበት ጭረት አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ እጁን ከመስኮቱ ወደ መጋረጃው ያዘነብላል። የማሽኑ ክፍል ከፍ ያለ፣ መጋረጃውም ዝቅ ያለ በመሆኑ ብርሃኑ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቁልቁል የወረደ ብርሃን ደግሞ ከታች ሰፍቶ ከላይ ጠብቦ ያርፋል። ስለዚህ ባለሙያው ሰሌዳውን ባዶ ገዝቶ፣ በገዛ አዳራሹ ልክ፣ ጥቂት ሞርዶ፣ አስገብቶ አይቶ፣ አውጥቶ እንደ ገና ሞርዶ፣ ቀዳዳውን በተቃራኒው ወገን ያጣምመዋል፤ ሁለቱ መጣመሞች ተጠፋፍተው በመጋረጃው ላይ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይወለዳል። አንዴ የተሞረደ ብረት አይመለስምና፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም ነበር።

## ብርሃን ሲጎድል

ከምጣኔ ቀጥሎ የሚመጣው ጸዳል ነው። በፊልም ጥቅል ዘመን የጸናው ደንብ ማሽኑ ያለ ፊልም ሲበራ በመጋረጃው መካከል 16 ፉት ላምበርት የሚለካ ብርሃን እንዲያርፍ ያዛል፤ በዲጂታሉ ዘመን ልኩ 14 ፉት ላምበርት፣ ማለትም በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው። ቁጥሩን ተመልካች ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሲጎድል ግን ዐይኑ ያውቀዋል። ነጩ ይደፈርሳል፣ ኅብረ ቀለሙ ይሞታል፣ ሌሊት የሚሆነው ትርኢት ሁሉ በጽልመት ይዋጣል፤ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ተዋናዮች ፊታቸው ላይ የሚጻፈው ስሜትም ከሁሉ አስቀድሞ ይጠፋል። ይህ የመጨረሻው ነገር የእኛን ፊልም በተለይ ይመለከተዋል።

ታላላቆቹ የፊልም ጠበብት ይህን ስለሚያውቁ ለኦፕሬተሮች በቀጥታ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 «ባሪ ሊንደን» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ፣ በውስጡ በሻማ ብርሃን ብቻ የተቀረጹ ትርኢቶች ነበሩ፤ ለእነርሱም ለአሜሪካ የሕዋ ምርምር ተቋም ተሠርቶ የነበረ እጅግ ብርሃን አሳላፊ የዛይስ ሌንስ ተጠቅሟል። ያን ያህል የተደከመበት የሻማ ብርሃን በደከመ መብራት እንዳይጠፋበት፣ ፊልሙ በ1.66 ምጣኔ እንዲታይ፣ የመጋረጃውም ብርሃን ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይወርድ የሚያስገነዝብ ደብዳቤ ለሚያሳዩት ሰዎች ጻፈ። ቴሬንስ ማሊክም እ.ኤ.አ. በ2011 «ዘ ትሪ ኦፍ ላይፍ» ሲታይ ስለ ምጣኔው፣ ስለ መብራቱና ስለ ድምፁ ከፍታ የሚናገር ማሳሰቢያ ከፊልሙ ጋር አስልኳል። እነዚህ ሰዎች ለዝና አልተቸገሩም፤ ሥራቸው በመጨረሻ በማን እጅ እንደሚወድቅ ስላወቁ ብቻ ነው በትሕትና የለመኑት።

ብርሃን የሚጎድልበት መንገድ ብዙ ነው። የማሽኑ የዜኖን መብራት በሥራው ብዛት ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ድካሙ ዕለት ዕለት ስለማይታወቅም ሁሉም እንደ ነበረ ይመስላል። የማሽኑ ክፍል መስኮት መስታወት አቧራና ከበታቹ የሚጠበሰው ፈንዲሻ ቅባት ይለብሳል። የመውጫ በር አምፖል በመጋረጃው ላይ ያበራል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የኮሪደሩ ብርሃን ይገባል። መጋረጃው ራሱ በጊዜ ብዛት ይጠይማል። አንድ የማሽን ጠጋኝ እንደሚናገረው፣ «ፊልሙ ጨለመ» ተብሎ ከሚጠራባቸው አዳራሾች በብዙዎቹ ማሽኑን ሳይነካ፣ መስታወቱን በንጹሕ ጨርቅ በመወልወል ብቻ ባለቤቱን አስደንቆ ተመልሷል።

> አንድ ንጹሕ ጨርቅና አንድ አስተዋይ ዐይን ውድ ማሽን የማይሰጠውን ይሰጣሉ።

## ጆሮ የሚፈልገው

በሲኒማ ቤት መጋረጃ ላይ ቀርቦ በጣቱ የዳሰሰ ሰው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሞልተውበት ያገኘዋል። ድምፅ ማጉያዎቹ ከመጋረጃው ኋላ ቆመዋልና፣ ንግግሩ በቀዳዳዎቹ አልፎ ከተናጋሪው አፍ የወጣ እስኪመስል ድረስ እንዲሰማ ነው። ከእነርሱም ውስጥ መካከለኛው ታላቁን ሸክም ይሸከማል፤ ከሞላ ጎደል ንግግሩ ሁሉ የሚወጣው በእርሱ ነው። እርሱ የደከመ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ሙዚቃው ከግራና ከቀኝ እየደመቀ፣ ዝናቡና መኪናው እየተሰማ፣ ሰዎቹ ግን አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ተመልካቹም ተዋናዮቹ አጥርተው አይናገሩም ብሎ ይፈርዳል።

የድምፅና የከንፈር መስማማት ራሱ ያለ ጥንቃቄ የተገኘ አይደለም። በፊልም ማሽን ውስጥ እያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን በሚያልፍበት የማሽኑ መስኮት ፊት ለቅጽበት ቆሞ ያልፋል፤ በሰከንድም 24 ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ድምፅ ግን እየቆመ ሊነበብ አይችልም፤ በእኩል ፍጥነት መፍሰስ አለበት። ስለዚህ የድምፁ ማንበቢያ ከመስኮቱ በታች፣ ፊልሙ ረግቶ በሚሄድበት ስፍራ ተሠራ፤ ድምፁም በፊልሙ ላይ ከሥዕሉ 20 ፍሬም ያህል ቀድሞ ታተመ። በመካከሉ ያለውን የፊልም ዙር ኦፕሬተሩ በእጁ አስልቶ ይተዋል፤ ያጠረ ወይም የረዘመ እንደ ሆነ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ከዚህም በላይ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ አንድ ፍሬም በሚያልፍበት ጊዜ 14 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በረጅም አዳራሽ መጨረሻ የተቀመጠ ሰው ንግግሩን ከሁለት ፍሬም በኋላ ይሰማል ማለት ነው። ባለሙያዎች በጎንና በኋላ ያሉትን ማጉያዎች ጥቂት የሚያዘገዩትም፣ የፊቱ ድምፅ ቀድሞ ጆሮ እንዲደርስና ሐሳብን ከመጋረጃው ላይ እንዳይነቅሉት ነው።

የድምፅ ከፍታም ልክ አለው። ፊልሙ በሚቀናበርበት አዳራሽ እያንዳንዱ የፊት ማጉያ በመፈተኛው ድምፅ 85 ዴሲቤል እንዲሰጥ ተመዝኖ ይቀመጣል፤ በብዙ ሲኒማ ቤቶች ባለው የዶልቢ መሣሪያ ላይ ለዚህ ልክ የሚቆመው ቁጥር 7 ነው። ሁለቱ አዳራሾች በአንድ ሚዛን ከተመዘኑ፣ በቅንብሩ ጊዜ ሹክሹክታ የነበረው በተመልካቹም ጆሮ ሹክሹክታ፣ ነጎድጓድ የነበረውም ነጎድጓድ ይሆናል።

ነገር ግን በዓለም ዙሪያ በሲኒማ ቤቶች የሚታወቅ አንድ ክፉ ዑደት አለ። ከፊልሙ በፊት የሚታዩት ማስታወቂያዎችና የመጪ ፊልሞች ቅምሻዎች ትኩረት ለመሳብ ሲሉ ከመጠን በላይ ይጮሃሉ፤ አንድ ተመልካች ተማርሮ ይወጣና ይከሳል፤ ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል፤ ፊልሙ ሲጀምርም ወደ ልኩ የሚመልሰው ሰው አይገኝም። በኋለኛው ረድፍ የተቀመጡት አዛውንት የሚሰሙት ማጉረምረም ብቻ ይሆናል። ፊልም ሠሪዎቹም ድምፃቸው እንደሚቀነስ ስለሚያውቁ በሚቀጥለው ጊዜ አብዝተው ያስጮኹታል፤ ዑደቱም ይቀጥላል። መድኃኒቱ ማስታወቂያውን በራሱ ልክ፣ ፊልሙንም በራሱ ልክ ማስተካከልና ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ገብቶ በገዛ ጆሮው መስማቱ ነው።

አዳራሹም ራሱ የድምፅ መሣሪያ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ግድግዳው ራቁቱን ሲሚንቶ የሆነበት ቤት እያንዳንዱን ቃል ደጋግሞ ይመልሳል፤ በኋላ የሚመጣው ቃል በፊተኛው ማሚቶ ላይ ይወድቃል። ወፍራም ጨርቅ፣ ምንጣፍና የጨርቅ ወንበር ይህን ይውጣሉ። በጓሮ የሚያጓራ ጄኔሬተርም ዳይሬክተሩ አስቦ ያኖረውን ዝምታ ይገድለዋል።

## ከጥቅል ወደ ፋይል

የሆሊውድ ታላላቅ ስቱዲዮዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ተባብረው ያቋቋሙት ጉባኤ በ2005 የዲጂታል ሲኒማን ዝርዝር መመሪያ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የፊልም ጥቅል በብዙ አገር ወደ ቤተ መዛግብት ገባ። በዚህ ሥርዓት የሚመጣው ፊልም በሃርድ ዲስክ ላይ ተቆልፎ ይመጣል፤ መክፈቻውም ለተወሰነ ማሽንና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይላካል። 2ኬ በሚባለው ልክ ሙሉው ሥዕል 2048 በ1080 ነጥብ ሲሆን፣ የ1.85 ፊልም ከዚህ ውስጥ 1998 በ1080ውን፣ የስኮፕ ፊልም ደግሞ 2048 በ858ቱን ይይዛል። በብረት ሰሌዳና በሞረድ ይሠራ የነበረው ዛሬ በአንድ ቁልፍ ይሠራል፤ ስሕተቱም እንደዚሁ በአንድ ቁልፍ ይሠራል። ለስኮፕ የሚገባው ቁልፍ ቀርቶ የተራው ፊልም ቁልፍ የተጫነ እንደ ሆነ፣ ሥዕሉ በመጋረጃው መካከል በአራቱም ወገን በጥቁር ተከብቦ ይታያል፤ የተገላቢጦሽ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ራስና እግር ከመጋረጃው ያልፋል። ኦፕሬተር የሚባል ሰው በአዳራሹ ሳይኖር ማሽኑ በሰዓቱ ራሱ እየተነሣ ራሱ እየጠፋ በሚሠራበት ቤት፣ ይህን የሚያይ ማንም የለም።

በአገራችን መንገዱ ሌላ ነበር። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በእኛ ዘመን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ማብቂያ የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም ሆኖ ከታየ በኋላ በአገር ውስጥ የተሠሩት ፊልሞች ለብዙ ዓመት ጥቂት ነበሩ፤ በ1990ዎቹ ግን በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች በሲኒማ ቤት በር ላይ ረጅም ሰልፍ አሰልፈዋል። እነዚህ ብዙውን ጊዜ የታዩት በቪዲዮ ፕሮጀክተር፣ ከዲስክ ወይም ከኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ምጣኔ፣ ፕሮጀክተሩ ሌላ ምጣኔ፣ መጋረጃውም ሦስተኛ ምጣኔ ሲይዝ፣ ሦስቱን የሚያስታርቅ ሰው ከሌለ ፊት ይለጠጣል፣ የግርጌ ጽሑፍ ግማሹ ይቆረጣል፣ የድምፁ መካከለኛ መስመርም ከግራና ከቀኙ ጋር ተደባልቆ ንግግሩ ይሰጥማል። አንድ ወጣት ዳይሬክተር በፊልሙ ምርቃት ዕለት እንግዶቹን ከመቀበል ይልቅ በማሽኑ ክፍል በር ላይ መቆምን እንደሚመርጥ ይናገራል፤ ሥራውን በሌላ ሰው ቸልታ ሲበላሽ ካየ ወዲህ እንግዳ መቀበል አልሆነለትም።

የቀደሙት ሥራዎቻችን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በጥቁርና ነጭ፣ ወደ አራት ማዕዘን በቀረበው በቀድሞው ምጣኔ የተቀረጸ ነው፤ በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማም ታድሷል። እንዲህ ያለው ሥራ በዛሬው ሰፊ መጋረጃ ላይ ሲታይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መቅረት ይገባዋል። መጋረጃው አልሞላም ብሎ የሚጨነቅ ሰው ሥዕሉን አስፍቶ ከላይና ከታች የቆረጠው እንደ ሆነ፣ ወይ የገበሬው ራስ ወይ የረገጠው መሬት ይጎድላል፤ የፊልሙ ነገር ሁሉ ደግሞ ስለ ገበሬውና ስለ መሬቱ ነው።

> ባዶ የቀረው ዳር ጉድለት አይደለም፤ ሥራው በተወለደበት መልክ መታየቱን የሚመሰክር ማኅተም ነው።

## አደራው የማን ነው

የሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጆች በዚህ ላይ የሚሉት አላቸው፤ ቃላቸውም ሊሰማ ይገባል። የማሽን መብራት በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ መለዋወጫ ይዘገያል፣ መብራት ይቋረጣል፣ የቲኬት ገቢም ለኪራይና ለደመወዝ እንኳ በጭንቅ ይበቃል ይላሉ። ሁለተኛም፣ ተመልካች ስለማይከስ ጉድለት መኖሩን አናውቅም ይላሉ። የመጀመሪያው ሐዘን እውነት ነው። ይሁን እንጂ እስካሁን ከቆጠርናቸው ሕጸጾች ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ መስታወት መወልወል፣ ትክክለኛውን ቁልፍ መጫን፣ የመፈተኛውን ክብ በጠዋት አውጥቶ ማየት፣ የድምፁን ቁጥር ወደ ስፍራው መመለስ፣ የመውጫ በሩን አምፖል መከለል፣ የፊልሙ ስሞች ተነብበው ሳያልቁ መብራት አለማብራት የሚጠይቁት ኅሊናና ጥቂት ጊዜ ነው።

ሁለተኛውን ምክንያት የሚያጠፋው ተመልካቹ ነው። ልጆቿን ይዛ በየበዓሉ ሲኒማ የምትገባ አንዲት እናት፣ ሥዕሉ ደብዝዞ ሲታያት መነጽር የሚያስፈልጋት መስሏት ዝም ማለቷን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰዎቹ ፊት ሲረዝም «አሠራሩ ይሆናል» ብላ ማለፏን ትናገራለች። ጨዋነታችን በዚህ ቦታ ጎድቶናል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ያልተነገረ ጉድለት ደንብ ሆኖ ይጸናል። የደበዘዘ ሥዕል ያየ ወይም ቃል ያልተሰማው ሰው ተነሥቶ ወጥቶ ለአስተናጋጁ በጨዋ ቃል ቢነግር፣ ለራሱ ብቻ ሳይሆን በአዳራሹ ላለው ሁሉ፣ ለሌለው ፊልም ሠሪም ጭምር ጠበቃ ሆነ ማለት ነው።

ፊልም ሠሪዎችም ከአደራው ነጻ አይደሉም። ፊልማቸውን ሲያስረክቡ ምጣኔውን፣ የድምፁን ዓይነትና ከፍታ፣ የግርጌ ጽሑፍ የሚያርፍበትን ስፍራ በአንዲት ገጽ ጽፈው ከፋይሉ ጋር ቢሰጡ፣ በመጀመሪያውም ክቡንና ቀስቶቹን የያዘ መፈተኛ ቢያኖሩ፣ ኦፕሬተሩ በግምት አይሠራም። የሲኒማ ቤት ባለቤቶችም ይህን ሥራ የሚያውቁትን አዛውንት በጡረታ ከማሰናበታቸው በፊት ወጣቶችን ከጎናቸው ቢያስቀምጡ፣ በጽሑፍ የማይገኘው እውቀት ከሰው ጋር አይቀበርም። ኦፕሬተርን በደመወዝና በክብር ከፍ ማድረግም ተገቢ ነው፤ ስሙ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ከሚወርዱት ስሞች መካከል ባይጻፍም፣ ከእነርሱ ሁሉ በኋላ የሠራው እርሱ ነውና።

አደራ ጥብቅ ነው ይላል የአገራችን ሰው። ሲኒማ ቤት ገንዘብ ተቀብሎ መቀመጫ የሚያከራይ ቤት ብቻ የመሰለው ሰው፣ ሥዕሉ ቢቆረጥም ድምፁ ቢታፈንም የሸጠው ነገር የጎደለ አይመስለውም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ቲኬት የቆረጠ ሰው የገዛው፣ ፊልም ሠሪው አይቶ «ይኸው ሥራዬ» ያለውን ያንኑ ሥዕልና ያንኑ ድምፅ ነው፤ በመካከሉ የቆመ ሁሉ ከዚያ ላይ ሊቀንስ ሥልጣን የለውም። ይህ መብት በተመልካቹ ዘንድ ታውቆ በድፍረት የተጠየቀ ዕለት፣ በባለቤቱም ዘንድ እንደ ግዴታ የተቈጠረ ዕለት፣ የአገራችን ፊልም በጎደለ መስኮት ታይቶ መነቀፉ ይቀርና በገዛ ምግባሩ ይመዘናል፤ ያን ጊዜ ቢመሰገንም ቢነቀፍም ፍርዱ ፍትሕ ይሆናል።